አቤት የማይባል ጥሪ

ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ በተባለ በዓመቱ፣ የወይዘሮ ወሰንየለሽ የልጅ ልጅ ዱሬቲ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ታደምጣለች ተባለ። ወሬውን ያመጣችው ጎረቤታቸው ጉዴ ናት፤ አምቦ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ድንች እየመረጠች።

«መምህሩ ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሽቦ ወጥሮ፣ ጆሮዋ ላይ ብረት ደፍቶባት… እንዲያው ነገርኩሽ እንጂ።»

እንዲያው ነገርኩሽ ብሎ ነገር አለ? ወይዘሮ ወሰንየለሽ የገዙትን ጎመን እዚያው ትተው ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሱ።

የዱሬቲ እናት ሁሉቃ ወንዝ ልብስ ስታጥብ፣ የጠራትን ሳታይ «አቤት!» ብላ ነበር። ወዲያው ታመመች፤ አልተነሣችም። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ቤት አንዴ ብቻ ለጠራ ድምፅ አቤት አይባልም። ሰው ከሆነ ይደግማል። ዱሬቲን ፊደል ሳትቆጥር ያስተማሯት ይህንን ነው።

የሳይንስ ክበቡ መምህር ፈዬራ ከተማሪዎቹ መሐል ብድግ አለ። «አካም ጅርቱ፣ እማማ!»

«ደህና። ማንን ነው የምትጠሩት?»

«አንጠራም፤ እናደምጣለን። በውጭ አገር ሊቃውንት በትልልቅ መሣሪያ ከዋክብትን ያደምጣሉ። ከእኛ ሌላ አእምሮ ያለው ፍጡር ይኖር እንደሆነ ብለው። እኛም በዚህች ሬዲዮ እንሞክራለን።»

«አእምሮ ካለው መጥቶ ‘ቤቶች!’ አይልም?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ዱሬቲ አንገቷን ደፋች፤ አያቷን የምትጠራው በኦሮምኛ «አኮ» እያለች ነው። «አኮ፣ በናትሽ፣ አታሳፍሪኝ።»

«ዝም በይ አንቺ! እሺ መምህር፣ የጠራችሁ ዕለትስ?»

«ያማ ትልቅ ደስታ ነው! ሊቃውንቱ መክረው መልስ ይልካሉ።»

መልስ! ወይዘሮ ወሰንየለሽ መምህሩን ትኩር ብለው አዩት። የሰውዬው ፊት የዋህ ነው፤ የዋህ ፊት ግን ስንቱን ይሸፍናል። ሽቦውንስ ማን ሰጠው?

«ከዚህ ሁሉ ልጅ ለምን እሷን?»

«ከሁሉም ጆሮዋ ንቁ ነው፣ እማማ።»

የእናቷም እንደዚያው ነበር።

«ተነሺ፣ ወደ ቤት!»

ዱሬቲ አልተነሣችም። «ከዚህ ካስወጣሽኝ ትምህርቱንም እተዋለሁ» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። እንደምትተወው ያውቃሉ፤ በእልህ የወጣችው እሳቸውን ነው።

በሩን አዩ፤ ሽቦውን አዩ። ከዚያ ማዳመጫውን ከልጅቷ ጆሮ ነጥቀው፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው እሳቸው ደፉት። ሽው ይላል፤ እንደ ዝናብ። ከሽውታው መሐል አንድ ነገር ጠቅ አለ። «አቤት» ጉሮሯቸው ድረስ ሲመጣ፣ አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

«ምን ሰሙ?» አለ መምህሩ።

«ጠቅ አለ።»

«የወፍጮ ቤቱ ሞተር ይሆናል።»

«ይሆናል» አሉ፣ ሳያምኑት። «ዱሬቲ፣ ወንበር አምጪልኝ። አንቺ ጻፊ፤ የማደምጠው እኔ ነኝ።»

«አኮ! አንቺ የሳይንስ ክበብ አባል ነሽ እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ነኝ። የሚጠራ ካለ እኔን ይጥራ፤ እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ።»

መምህሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡበት።

«ዝም በሉ! ይደግም እንደሆነ ልስማ።»