ነዕማ በረቂቁ ላይ የሰጠችው አስተያየት

ነዕማን ወደ አሶሳ ይዣት የሄድኩት ለልጄ ብዬ ነው፤ ለሕገ መንግሥት ተጨንቄ አይደለም። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሳያወራብኝ ይህን ቀድሜ ልናገር።

ልጄ አራጋው የነዕማን ልጅ ገድሏል። ዓብዱልባሲጥ ይባል ነበር፤ ሌላ ልጅ የላትም። ላሞቻቸው ማሽላችን ውስጥ ገቡ፣ ጭቅጭቅ ተነሳ፣ የኔው ግልፍተኛ በዱላ ጭንቅላቱን መታው። ልጁ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አለፈ። ባምባሲ ዳር ላይ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ስመጣ ልጅ ነበርኩ፤ ገንፎ በባሚያ መብላት ያስለመደችኝ የነዕማ እናት ናት። ልጄ የዚያችን ሴት የልጅ ልጅ ገደለ። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ሽማግሌ ላክን። ሼህ አብዱልረሂም ከነሱ፣ ቄሱ ከኛ ሆነው ደጇ ተመላለሱ። መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ቆይታ እሺ አለች። ድያው፣ የደም ካሳው ማለት ነው፣ ተሰጠ። ፋቲሃ ተቀራ፤ እኔ ክርስቲያን ብሆንም ወሎዬ ነኝ፣ እጄን ዘርግቼ አሜን ማለት አይቸግረኝም። ከአንድ ሳህን ቀምሰን ተላቀስን። ነዕማም በገዛ አፏ "ይቅር ብያለሁ" አለች። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

መንግሥት ግን አላለቀም አለ። ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ገብቼ "እናቱ ይቅር ካለች አንተ ምን ቤት ነህ?" ብዬ ጮህኩበት። "አባቴ፣ የግድያ ክስ በእርቅ አይዘጋም" አለኝ፤ ወንበር ስቦ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ፣ እኔ ግን ጥዬው ወጣሁ። አራጋው አሶሳ ማረሚያ ቤት ሆኖ ፍርዱን ይጠብቃል።

ባለፈው ክረምት ታዲያ አንድ ወሬ መጣ። ከፌዴራል የሕግ ረቂቅ ለውይይት ይቀርባል አሉ። ሽማግሌና የሃይማኖት ፍርድ ቤት እስካሁን የቤተሰብ ጉዳይ እንጂ ወንጀል አይዳኙም፤ አሁን ግን ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፣ የሟች ቤተሰብ ከታረቀ፣ ሳይታሰብ በጠብ መሀል የተፈጸመ ግድያም ክሱ ይዘጋል ይላል ረቂቁ። ይህን ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የወረዳው ሰው ደግሞ "የታረቁት ራሳቸው ቀርበው ቢናገሩ ክብደት አለው" አለኝ። ከነዕማ የተሻለ ማን አለ?

ሚስቴ የወርቅውሃ "ተው፣ ሴትዮዋን አታስጨንቃት" ብላኝ ነበር። "የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" አልኳት፤ ተኮራርፈን አደርን።

በሚኒባስ አብረን ሄድን። እኔ መንገዱን ሙሉ ስለፈልፍ ነበር። "ብዙ አትናገሪ፣ ነዕማ። ይቅር ብያለሁ በይ፣ ሕጉ ይጽደቅ በይ፣ ማይኩን መልሺ፣ አለቀ።"

እሷ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። "ገብቶኛል፣ አቡ አራጋው" አለች። የአራጋው አባት ማለቷ ነው፤ ድሮም የምትጠራኝ እንደዚሁ ነው። ልጇ ከሞተ በኋላ ያን ስም ስትጠራ ምን እንደሚሰማት ጠይቄያት አላውቅም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፌዴራል የመጣው ወጣት የሕግ ባለሙያ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አነበበ፤ ግማሹ ሰው ምሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይንሾካሾካል። አንድ ጡረተኛ ዳኛ ተነስቶ "በዚህ ሕግ ሀብታም ገድሎ ታርቆ ይወጣል፣ ደሃ ገድሎ ይበሰብሳል" አለ። ደሜ ፈላ። "እኔ ነኝ ሀብታሙ?" ብዬ አጠገቤ ላለው ሰው አጉረመረምኩ፤ ሰውየው ቦታ ቀየረ።

ከዚያ ነዕማ እጇን አወጣች። አስተርጓሚ ይምጣልሽ ወይ ሲሏት በአማርኛ እናገራለሁ አለች፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ ያምታታል እንጂ ይገባል።

"እኔ ነዕማ ነኝ፣ ከባምባሲ። ልጄ ሞቷል። የገደለው ልጅ፣ አባቱ ይኸው፣ እዚህ ተቀምጧል። እኔ ይቅር ብያለሁ።"

ሰው አጨበጨበ። ዕንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። አሁን ማይኩን ትመልሳለች ብዬ ስጠብቅ አልመለሰችም።

"ለምን ይቅር አልኩ? ሽማግሌ መጣ። ትልቅ ሰው፣ ሽበት ያለው፣ ደጄ ላይ መሬት ተቀመጠ። ሼህን እምቢ የሚል እናት የት አለ? ሰፈር ደግሞ ይፈራል፤ እምቢ ካልሽ ሌላ ደም ይመጣል ይላል። እኔ ልቤ ውስጥ አሰብኩ። መንግሥት አለ አልኩ። እኔ ይቅር ልበል፣ መንግሥት ይሰረው። ለዚህ እሺ አልኩ። አሁን ይኼ ሕግ ምን ይላል? ነዕማ እሺ ካለ መንግሥት ይተወው ይላል። እንደዚህ ከሆነ እኔ እሺ አልልም ነበር። ሌላ እናትም እሺ አይልም። ሽማግሌ ደግሞ እሺ እስኪል ድረስ ደጁን አይለቅም። ይኼ ሕግ አይምጣ።"

ማንም አላጨበጨበም። ወጣቱ ባለሙያ አቀርቅሮ ይጽፋል። ወሽመጤ ብጥስ አለ።

ስንወጣ በሩ ላይ ያዝኳት። "ነዕማ፣ ፋቲሃ ቀርተን፣ ከአንድ ሳህን በልተን! ይቅርታሽ ከአንገት በላይ ነበር ማለት ነው?" ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል፤ ግድ አልሰጠኝም።

"ከልቤ ነው" አለች። "አንተን አልጠላም። የወርቅውሃ ሲታመም እኔ አልመጣሁም?" መጥታለች፤ ምን ይባላል። "ግን አንድ ነገር አልጠየቅከኝም፣ አቡ አራጋው። ልጁ ነገ ቢፈታ፣ ጠዋት በደጄ ያልፋል። ሰላም ይለኛል። ሲስቅ እሰማለሁ። ሚስት ሲያገባ፣ ልጅ ሲወልድ፣ እልልታውን እሰማለሁ። ይቅር በይ ብላችሁ ለመናችሁ። ማየት ትችያለሽ ወይ ያለኝ ሰው የለም። ሕጉም አይጠይቅም።"

የያዝኳትን ለቀቅኳት። ንዴቴም ጠፋ፤ አፈርኩ። ወደ ግቢያችን የሚያስገባው መንገድ አንድ ነው፣ እሱም በነዕማ ደጅ ነው። ልጄ ቤቴ ሲገባ እንጂ በየት በኩል እንደሚገባ አስቤ አላውቅም ነበር። እሷ ወደ መናኸሪያ ሄደች፤ እኔም ወደ ማረሚያ ቤት።

አራጋው ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከስቷል።

"አባዬ፣ ምን አለች?"

"ይቅር ብላሃለች።"

"ሕጉስ?"

"ረቂቅ ነው። ይውጣ አይውጣ አላውቅም።"

"ከወጣ ግን ቤት እገባለሁ፣ አይደል?" አለና ፈገግ አለ። ከታሰረ ወዲህ ጥርሱን አይቼው አላውቅም ነበር።

ዝም ብል እንዴት በቀለለኝ። "አትመጣም" አልኩት። "በሕጉም ብትወጣ፣ ፍርድህን ጨርሰህም ብትወጣ፣ የነዕማን ደጅ አታልፍም። ሌላ አገር እንፈልግልሃለን፤ እኔና እናትህ እየመጣን እናይሃለን።"

"ቤቴ እኮ ነው፣ አባዬ። እዚያ ነው የተወለድኩት።"

"እሱም እዚያ ነው የተወለደው" አልኩት።

ሽቦውን ይዞ አለቀሰ። ጠባቂው ሰዓት አልቋል እስኪል ድረስ እኔም ፊት ለፊቱ ቆሜ አለቀስኩ።