በኖራ የተሰመረ ኤርፖርት

ከሀርጌሳ ካርቱም ለመድረስ አጭሩ መንገድ በአዲስ አበባ በኩል ነው። አምለሰት ግን በዚያ አላልፍም አለች። ጊዜው ጥር 2014 ነበር። ትግራይ ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ዓመት ከሁለት ወር አልፎታል፤ የእሷ ፓስፖርት ደግሞ የትውልድ ቦታዋን ሁመራ ይላል።

«ቦሌ ላይ አንዱ ፓስፖርቴን ገልጦ ቀና ብሎ ካየኝ አለቀልኝ» አለችኝ። «ዱባይ ግን ሁመራ የሰው ስም ይሁን የሰሊጥ ስም ማን ያውቃል?»

ስለዚህ ባሕር ተሻግራ ዱባይ ልትወርድ፣ እዚያ አውሮፕላን ቀይራ ያንኑ ባሕር መልሳ ልታቋርጥ ትኬት ተቆረጠላት። እናቷና የስምንት ዓመት ልጇ ሀኒ ጦርነቱ በተነሳ ሰሞን ወንዙን ተሻግረው ሱዳን ገብተዋል፤ ገዳሪፍ አጠገብ ድንኳን ውስጥ ናቸው። አባቷ «ቤቴን ለማን ጥዬ» ብለው ሁመራ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው ዘንድ ስልክም ሰውም አልመጣም። አሁን እናቷ ታመው ከተኙ ወር አልፏቸዋል፤ ሀኒን የምትይዛት የጎረቤት ድንኳን ሴት ናት፣ እሷም ልትሄድ ነው። የአምለሰት የሱዳን ቪዛ ደግሞ ከበረራው ቀን በኋላ የሚቆየው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ዱባይ ላይ ሁለተኛው አውሮፕላን ካመለጣት ልጇ ዘንድ የሚያደርሳት ሌላ መንገድ የለም።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ የምሳ ሳህን እየሰበሰበች ነው። እኔ 26 ጁን ሰፈር ውስጥ በሚሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ብሎኬት አቀብላለሁ። ቤቱ የሳህራ ነው። ሳህራ ከዱባይ ጨርቅ እያመጣች የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ አምለሰት ጋአን ሊባህ ሰፈር ባለው ቤቷ የቤት ሠራተኛ ነበረች፣ ለእኛም ምሳ የምታመጣው እሷ ናት።

መንገዱን እንዳሳያት ለምን እኔን መረጠች? ሳይቱ ላይ ስሜ አቻምየለህ መሆኑን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ካፒቴን» ነው የሚለኝ። ሌላው በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲያይ እኔ ስልኬ ላይ የኤርፖርት ካርታ አያለሁ። አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሀርጌሳ የገባሁት በቶጎ ውጫሌ በኩል፣ ጭነት መኪና ላይ፣ የሽንኩርት ጆንያ ተደግፌ ነው። ግን ካርታዎቹን እወዳቸዋለሁ። ሁሉም በር ቁጥር አለው። የጠፋ ሰው የሚጠይቅበት ቦታ ራሱ ቁጥር አለው። የትም ብትቆም «እዚህ ነህ» የሚል ቀይ ነጥብ ታገኛለህ። ቆቦ ተወልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ፣ እዚህ ነህ ያለኝ ምንም ነገር አላየሁም።

«ሳህራን አልጠየቅሻትም?» አልኳት።

«ጠየቅኋት። ‹ሰው ወደሚሄድበት ሂጂ› አለችኝ። ሰው ሁሉ ካርቱም የሚሄድ ይመስል!»

ሳህራ ዱባይ የምትወርደው ከተማ ልትገባ ነው፤ አውሮፕላን ቀይራ አታውቅም። አምለሰት የእንግሊዝኛ ፊደል አታነብም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። የምትወርደው ተርሚናል ሁለት፣ የምትነሳው ከተርሚናል ሦስት፣ በመካከሉ አውቶቡስ አለ። አራት ሰዓት ጊዜ አላት።

አርብ ሥራ የለም። ጠዋት ሄጄ የሁለተኛውን ፎቅ ወለል ጠረግሁና በኖራ አሰመርኩት። ኮለኖቹ፣ የፎቁ ምሰሶዎች፣ በሮች ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው ላይ በከሰል ቁጥር ጻፍኩ። ደረጃው ስር ያለው ክፍል ተርሚናል ሁለት፣ ያሰመርኩት ወለል ተርሚናል ሦስት። የአሸዋ ጋሪው አውቶቡስ ነው። አምለሰት ስትመጣ ሁሉ ተሰናድቶ ነበር።

ዘበኛው አደር ዓብዱላሂ ዱላውን ይዞ መጣ። አደር ማለት በእነሱ አጎት እንደማለት ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው። ወጣት ሳለ እኛ አገር ሀርቲ ሼክ ካምፕ ስደተኛ በነበረ ጊዜ የተማረው አማርኛ አለው፤ የሚናገረው እንደ ትዕዛዝ ነው።

«ዋሪያ ካፒቴን! ቤቱን ምን አደረግኸው? ሳህራ ብታይ ትገድልሃለች!»

ነገርኩት። አምለሰትን አያት፣ ወለሉን አየ። ከዚያ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ።

«ፓስፖርት» አለ።

አምለሰት ሳቀች።

«ፖሊስ ፊት አይሳቅም! ፓስፖርት! የት ነው የምትሄጂው? ማን ፈቀደልሽ? ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?»

«በርበሬ» አለች።

«ለእኔ የሚሆን አለ?»

«አደር፣ እዚያ ያለው ፖሊስ እንደዚህ አይጠይቅም» አልኩት።

«አንተ በምን ታውቃለህ? እኔ በሕይወቴ ስንት ፖሊስ አይቻለሁ!»

የሚንቀሳቀስ ደረጃ ትፈራ ነበር። ጣውላ ሁለት የብረት ቧንቧ ላይ አስቀምጠን፣ አደር በገመድ እየጎተተ እሷ ስትወጣበት ስትወርድበት ዋለች። ሁለት ጊዜ ወደቀች። በሦስተኛው ቆመች፣ እንደ ሙሽራ። ከዚያ የሲሚንቶ ወረቀት ጠቅልዬ ድምጽ ማጉያ ሠራሁና ከወለሉ ጫፍ ጮህኩ፦ «አምለሰት! አምለሰት! ወደ በርሽ!» ስሟን ስትሰማ ምንም ነገር እያደረገች ቢሆን ጥላ መሮጥ ነበረባት። ሃያ ጊዜ ጠራኋት፣ ሃያ ጊዜ ሮጠች። በመጨረሻ አምለሰት የሚለው ሳያልቅ ኮለኑ ጋ ትደርስ ነበር። እንደ አስተማሪ ኮራሁ።

ከታች ብሎኬት ሊቆጥር የመጣው ታሪኩ ቀና ብሎ ሲያየን ቆየ። የእኔው የራያ ሰው ነው።

«ካፒቴን፣ ለማን መንገድ እንደምታሳይ ታውቃለህ?» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እሷም ማን እንደሆንክ ታውቃለች?»

አምለሰት ሰምታለች፤ ጫማዋን አጎንብሳ ማሰር ጀመረች። ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም።

አደር ዓብዱላሂ ከባልዲው ተነሳ። በዱላው ከጣራዎቹ ወዲያ፣ ኤርፖርቱ ወዳለበት አሳየን።

«በእኛ ጦርነት የራሳችን መንግሥት አውሮፕላን ከዚያ ይነሳል፣ ይዞራል፣ እዚህ ሰፈር ላይ ይጥላል፣ መልሶ እዚያው ያርፋል። ሻይ ሳይበርድ። ያኔ ነው በእግሬ ወደ እናንተ አገር የመጣሁት።» ወደ አምለሰት ዞረ። «የአውሮፕላን መንገድ ሲያጥር አልወድም። የአንቺ ረጅም መሆኑ ጥሩ ነው።»

በሚቀጥለው አርብም ደገምነው። ሰኞ ጠዋት፣ ሲሚንቶ እያቦካን ሳለ፣ አውሮፕላኗ በላያችን አለፈ። ሁሉም አካፋውን ይዞ ቀና አለ፤ ታሪኩም ጭምር።

ከሰዓት በኋላ ሳህራ የግድግዳ ሥራ ልታይ መጣች። የኖራው መስመር ወለሉ ላይ አሁንም ነበር። እንደ ሌላው ቀን በሶማሊኛ ስትቆጣኝ፣ አደር ቀስ አድርጎ አስረዳት። ያኔ ፊቷ ተለወጠ፣ በኮለኖቹ መካከልም መዞር ጀመረች።

«በምን ስም ነበር የምትጠራት?» አለችኝ።

«በስሟ ነዋ። አምለሰት።»

«እዚያ እኮ በራስህ ስም አይጠሩህም። እኔን አንዴ ‹ሚስስ ጉሌድ› ብለው ሲለፍፉ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣ ነበር። ጉሌድ አያቴ ነው፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። የሞተ ሰው አውሮፕላን ቢያመልጠው እኔ ምን አገባኝ? ሰዓት አልፎ ነው የገባኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። የአምለሰትን ትኬት ፎቶ አንስቼው ነበር፤ ሰዓቱን፣ በሩን፣ ሁሉን መርምሬዋለሁ። ስሙን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም፤ ስሟን የማውቀው መስሎኝ። መጀመሪያ የተጻፈው ኪዳነማርያም ነው። አምለሰት ከኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ የአባት ስም ለመዝገብ ነው። ገበያ መሐል አባትህን ቢጠሩ አትዞርም፤ አባትህ ናቸው የሚዞሩት። እኔ ደግሞ ሃያ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ፣ ሌላ ስም እንዳትሰማ አድርጌ አለማምጃታለሁ። ደወልኩ። ስልኳ ከሀርጌሳ ወዲያ አይሠራም። መልእክት ጻፍኩ፤ አንድ ጭረት ብቻ ታየ፣ አልደረሰም። ካርታውን ከፍቼ ተርሚናል ሦስትን አየሁት። ያ የምወደው ቀይ ነጥብ አሁን የት እንዳለሁ እንጂ የት እንዳለች አይነግረኝም ነበር።

ሰኞ አለፈ። ማክሰኞ ዝም። ማክሰኞ ሳህራ ምሳ ራሷ አመጣች፣ እንጀራውን ሳትከፍተው ዓይኔን አየችና ሄደች። ታሪኩ እንኳ «ደወለች?» አለኝ፣ ከዚያ መጠየቁ ያሳፈረው መሰለኝ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«አቹ፣ እኔ ነኝ።»

«የት ነሽ?»

«ገዳሪፍ። ድንኳኑ ውስጥ።»

ብሎኬቱን አስቀመጥኩና ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። «አልነገርኩሽም፣ አምለሰት፣ ስሙን ተሳስቼ...»

«ቆይ፣ ልንገርህ። ፖሊሱን በደህና አለፍኩ፣ አውቶቡሱንም። የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ አልወደቅሁም፣ ለአደር ንገረው። አንተ ያልከው በር ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ለካ በሩን ቀይረውታል። እኔ ምን አውቄ! ሰዎቹ አንድ አንድ እያሉ ሲሄዱ ሽንት ቤት የሚሄዱ መስሎኛል። ስሜን እጠብቃለሁ። ስሜ የለም። ከዚያ ድምጹ ‹ኪዳነማርያም› አለ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ ስታዛውረው ተሰማኝ።

«አባቴን ጠሩት፣ አቹ። ሁለት ጊዜ። ከሰማይ እንደመጣ ድምጽ። አባቴ እዚህ አለ ብዬ ተነሳሁ። ቦርሳዬን ጥዬ። አንዷን ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ይዤ ‹የት ነው? አባቴ የት ነው?› አልኳት፣ በአማርኛ። ወረቀቴን ነጠቀችኝ፣ አየችው፣ እጄን ይዛ መሮጥ። ወደሱ እየወሰደችኝ ነው ብዬ እኔ እሷን እየጎተትኩ ነበር። ቦርሳዬን ሌላ ሰው ከኋላ ይዞልኝ ሮጠ። አውሮፕላኑ ውስጥ ስገባ ሁሉም ማስክ አድርጓል። ከመጀመሪያው ወንበር እስከ መጨረሻው ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። የአባቴ ዓይን አይጠፋኝም። አስተናጋጇ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ፣ በሩ ተዘጋ። ያኔ ነው የገባኝ።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ለምኑ? ነግረኸኝ ቢሆን በእርምጃ ነበር የምሄደው። በእርምጃ አይደረስም ነበር፣ ሓወይ።» ወንድሜ ማለቷ ነው። «ስሮጥ ደግሞ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ‹ዓመት ሙሉ እንዴት አንድ ቀን አትደውልም!› ብዬ ልቆጣው ነበር።»

«ሀኒስ?»

«አላወቀችኝም። እናቴ ጀርባ ተደብቃ ታየኛለች። ትላንት ጸጉሯን እንዳበጥራት ፈቀደችልኝ። ትለምደኛለች።»

ልሰናበታት ስል፣ «አንተንስ?» አለች። «አንድ ቀን ትሄድ የለ? ካርታ ብቻ እያየህ አትኖርም። ያኔ በማን ስም ነው የሚጠሩህ?»

አባቴ ባለፈው ሐምሌ ከቆቦ ሚሊሻዎች ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። አንድ ቀን እንኳ ነግሬያት አላውቅም፤ እነማንን ሊወጋ እንደወጣ ለመገመት ከቆቦ መሆኔን ማወቅ ይበቃታልና። ታሪኩ ሁለት ሜትር ርቆ ሲሚንቶ ያቦካል፤ አካፋውን እንዳቆመ አየሁ።

«ውብሸት» አልኳት። «አባቴ ውብሸት ነው የሚባለው።»

ከዚያ እንደ ድምጽ ማጉያው ሳይሆን፣ ሰው ጎረቤቱን ከአጥር ወዲያ ሆኖ እንደሚጠራ፣ ድምጿን ለዘብ አድርጋ ጠራችው።

«ውብሸት!»

«አቤት» አልኩ።