ባነሩ ቀድሞ ተሰቀለ

የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ታቢታ «ቆይ፣ አትስቀለው!» ስትል ሚስማሩ ገብቶ አልቋል። ጥበቃው መሰላሉ ላይ እንደቆመ ቁልቁል አያት፤ ባነር ተሰጠው፣ ባነር ሰቀለ። «እንኳን ወደ አዲሱና ዘመናዊው ሲስተማችን በሰላም ተሸጋገርን!» ይላል፣ ከነቀኑ። ቀኑ የዛሬ ነው። ሲስተሙ ግን የዛሬ አራት ዓመቱ ነው።

ከአዲስ አበባ ርቃ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ አዲስ ከተማ በሚባል ሰፈር ያለው ይህ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ የሚሠራው በአንድ ሰርቨር ነው። ከየታካሚው ሰውነት ምን ያህል ውኃ እንደሚቀነስ፣ የትኛው መድኃኒት ለማን እንደማይስማማ የሚያውቀው እሱ ነው። በቅርቡ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። የሌላ ከተማ ክሊኒክ በዚያው ቀዳዳ በኢንተርኔት ሌባ ገብቶበት ፋይሉ በሙሉ ተቆልፎበታል። መታደሱ የግድ ነው። ጠዋት ታቢታንና ሥራ አስኪያጁን ቢሮ ውስጥ ያከራከራቸው የሚታደስበት መንገድ ነበር።

«የእኔ ስልክ ቁርስ እየበላሁ ራሱን ያድሳል» አሉ አቶ ሕዝቅያስ። «አንቺ ሳምንት ትጠይቂኛለሽ።»

«የስልክዎ እድሳት ሌላ ቦታ በስሎ ነው የሚመጣው። የእኛ ጥሬ ኮዱ ነው የሚመጣው፤ እዚሁ ወደሚሠራ ፕሮግራም ገንብተን በአሮጌው ላይ እንጭነዋለን። መሃል ላይ መብራት ከሄደ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም።»

«ጄኔሬተር አለ አይደለም እንዴ?»

«ናፍጣው ዛሬ እንግዶቹን ለሚያመጣው መኪና ተቀዳ።»

አቶ ሕዝቅያስ ሰዓታቸውን አዩ።

«መጠባበቂያው ኮምፒውተር ላይ ገንብቼ ልሞክረው» አለች። «እዚያ ከሠራ እንቀይራለን። ካልሠራም ማንም አይጎዳም።»

«መጠባበቂያው እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። መዘምራኑ የመዝሙር ግጥም ያሳዩበታል።»

«ያስመልሱልኝ።»

«ከጌታ ቤት? እህት ታቢታ!» ደረታቸውን ያዙ። «ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ስምንት ሰዓት ይገባሉ። ነይ እንጸልይበትና ቀጥታ ጫኚው።»

ጸለዩ። አቶ ሕዝቅያስ ትራንስፎርመሩን፣ ሽቦውንና ምሰሶውን አንድ በአንድ እየጠሩ ባረኩ። ናፍጣውን ግን አላነሱም።

ወደ ሰርቨሩ የሚኬደው በሕክምናው ክፍል በኩል ነው። ሲስተር ፈትያ መንገድ ዘጋችባት።

«ታቢ፣ ልትነኪው ነው?»

«ታዝዣለሁ።»

«ሰው ማሽን ላይ እያለ? ወላሂ እንዳትነኪው! ጫልቱን ረሳሻት?»

አልረሳቻትም። አምና የታቢታ አለቃ የነበረው ባለሙያ ታዝዞ ቀጥታ ሲጭን መብራት ሄደ፤ ሰርቨሩም አሮጌው ተመልሶ እስኪጫን ለቀናት ሥራ አቆመ። ጫልቱ ከከተማው ዳር፣ ከቱላ፣ ለእጥበት ስትመጣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ» ተባለች። ለነገ አልደረሰችም፤ ሌሊቱን ሞተች። ሪፖርቱ ላይ «በራሷ ፈቃድ ሕክምና ያቋረጠች» ተባለች። ፈትያ አራተኛውን አልጋ እስካሁን የምትጠራው በእሷ ስም ነው።

ዛሬ እዚያ አልጋ ላይ ጡረተኛው መምህር አቶ ገብረጻድቅ ተኝተዋል፤ ደማቸው በቱቦ ወጥቶ በቱቦ ይመለሳል።

«ልጄ፣ ተሸጋገርን የሚለው ባነር እኛንም ይጨምራል?»

«ገና ነው አባባ።»

«ተይው፣ እኔም አልቸኮልኩ።»

ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠች። አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር የቀራት። ጣቷ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ እንዳለ አምፖሉ ፈዘዘና ተመለሰ። እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ሰርቨሩ ሲከፈት ስሙንና የሲስተሙን ቁጥር የሚያስተዋውቅበትን ጽሑፍ አወጣች፤ የአሮጌውን ቁጥር አጥፍታ የአዲሱን ጻፈች። ሌላ ምንም አልነካችም።

እንግዶቹ መጡ፣ ቁጥሩን አዩ፣ አጨበጨቡ። አንደኛው «ፍጥነቱ ራሱ ያስታውቃል!» አሉ። አቶ ሕዝቅያስ በደስታ መጠባበቂያውን ኮምፒውተር ለቤተ ክርስቲያኑ በስጦታ መስጠታቸውን አበሰሩ፤ እንደገና ተጨበጨበ። ታቢታ አላጨበጨበችም። ቀዳዳው እንደተከፈተ ነው፤ አሁን ደግሞ በይፋ ተደፍኗል። የተደፈነ ቀዳዳ ድፈኚ ብሎ የሚያዛት የለም።

እንግዶቹ ዓሣ ሊበሉ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ጥሬውን ኮድ ወደ ራሷ ላፕቶፕ ገለበጠችና ግንባታውን አስጀመረች። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ቀናት ይፈጅበታል። እስከዚያው ሌባው አይጠብቃትም። ከሰርቨሩ ጀርባ ሁለት ገመድ አለ፤ አንዱ ወደ ፈትያ ስክሪኖች፣ ሌላው ወደ ኢንተርኔት። ሁለተኛውን ነቀለችው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ።

«እህት ታቢታ፣ ከአዲስ አበባ ደውለው አዲሱ ሲስተም አይታየንም ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

በመስታወቱ በኩል ፈትያ የአቶ ገብረጻድቅን ብርድ ልብስ ስታስተካክል ታየቻት።

«ኔትወርክ የለም።»

«አሃ። መቼ ይመጣል?»

«አይታወቅም።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አሉ አቶ ሕዝቅያስ። ለምን ብለው እንኳ አልጠየቁም።

ታቢታ ገመዱን ጠቀለለችና፣ ማንም አግኝቶ እንዳይሰካው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።