ወደ ካናዳ የተላከ መርዶ

የካናዳ ሕዝብ ተጠይቆ መልሱን ሰጥቷል። በ2002 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የሀብታም አገሮች መሪዎች እዚያ ሲሰበሰቡ ከዓለም ችግር ሁሉ የትኛውን ያስቀድሙ ቢባል፣ የሚበዛው ሰው «በወሊድ የሚሞቱ እናቶችን» አለ። እግዜር ይስጠው፣ ደግ ሕዝብ ነው። ካዛንቺስ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ግን ይህን ሲሰማ፣ የሚያለቅስ ሰው ፍለጋ ጀመረ፤ ለስብሰባው የሚታይ አጭር ፊልም ያስፈልገው ነበር።

ፍለጋው የተሰጠው ለሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ለምንዳዬ ነው። ፊልሙ ከተወደደ ከልዑካኑ ጋር ቶሮንቶ ይሄዳል ተብሏል። ምንዳዬ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ሻንጣውን ግን አስቀድሞ ገዝቷል። ያመጣቸው ሐዘንተኞች ሁሉ አልተወደዱም። ሐዘናቸው ከርሟል፣ እንባቸው ደርቋል ተባለ።

ፊልሙን ሊቀርጽ የመጣው ካሜራማን ወደ ካናዳ የሚመለስበት ቀን ከሰዓት በኋላ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የጽዳት ሠራተኛዋ የእትዬ ወርቄ ወንድም ደጋጋ ነበር።

«ሜቲ በምጥ ሞተችብን» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ለእናቷ ለወርቄ እንዳትነግሯት፣ አደራ! ማንም ቢደውል ስልክ አትስጧት። ዛሬ እራቷን በልታ ትተኛ። ማለዳ ጎረቤት ሰብስበን፣ ቤቷ ሄደን፣ እኛው እናረዳታለን።»

«እሺ ጋሼ፣ ምንም አይሰሙም» አለ ምንዳዬ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር። ስልኩን ዘግቶ ሲወጣ ካሜራው ወደ ሣጥኑ ሲገባ አየ።

«ቆይ፣ በቃ፣ አንድ አለችኝ!» አለ።

እትዬ ወርቄን መብራቱ ፊት አስቀመጧት። ፎቶ የሚያነሷት መስሏት ነጠላዋን አስተካከለች። «ምንዳዬ ልጄ፣ አንድ ለሜቲም አሳጥብልኝ። ለአራስ ጥየቃ ስሄድ እወስድላታለሁ» አለችው።

ምንዳዬ አጠገቧ ቆመ። «እትዬ ወርቄ... ማለቴ፣ ሜቲ በምጥ ላይ እንዳለች አርፋለች።»

መርዶ የሰማች እናት ራሷን መሬት ላይ ትጥላለች፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ የሚይዟት ሰዎች ተዘጋጅተው ይቆማሉ። ይህን የማያውቅ የለም፤ ምንዳዬም ያውቃል። ወርቄ ጮኻ ስትነሣ ሊይዛት እጁን ዘረጋ። ካሜራማኑ ግን ከምስሉ እንዲወጣ በእጁ ምልክት ሰጠው። ወጣ። ወርቄ በግንባሯ ሲሚንቶው ላይ ተደፋች።

ከሳምንት በኋላ ከቶሮንቶ መልእክት መጣ። ፊልሙን ለጥቂት ካናዳውያን አሳይተው አስተያየት ጠይቀዋል። ሰዉ እንባ ሰልችቶታል፣ ተስፋ ማየት ይፈልጋል፤ ያቺው ሴትዮ ፈገግ ብትል ጥሩ ነው ይላል። ምንዳዬ ሌላው ቢቀር እዚህ ላይ ማፈር ነበረበት። እሱ ግን ካሜራ ተውሶ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ወርቄ ቤት ሄደ።

ድንኳኑ ተነሥቷል፣ የሐዘኑ ፍራሽ ግን ገና መሬት ላይ ነው። ወርቄ ግንባሯ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ተቀምጣለች። ደጋጋ ምንዳዬን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«እትዬ ወርቄ፣ አንዴ ብቻ ፈገግ ይበሉልኝ» አላት ምንዳዬ ጠጋ ብሎ። «ለእናቶች ነው።»

ወርቄ ቀኝ እጁን ያዘችና ገልበጥ አድርጋ መዳፉን ተመለከተች።

«ደህና ነው ለካ» አለች። «ያን ቀን ሳትይዘኝ ስትቀር እጅህን አሞህ መስሎኝ ነበር።»

ፈገግም አለችለት። ምንዳዬ ካሜራውን አነሣ፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም።