አረንጓዴው ጥቁር አዝሙድ

ወንድሜ ኑርዬ ጫት መቃም ከጀመረ አርባ ዓመቱ ነው፤ እኔ ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ጥቁር አዝሙድ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ስምንት ዓመቴ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ሳንነታረክ ውለን አናውቅም። እሱ «ጫት ካልቀመሰ ምላሴ ለዱዓ አይፈታም» ይላል። እኔ ደግሞ «ጥርስህን ጨርሶ እንቅልፍህን የበላ ቅጠል እንዴት አድርጎ ነው ምላስ የሚፈታው?» እለዋለሁ። ሰፈሩ ከመልመዱ የተነሳ እኛ ስንጮህ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ግልፍተኛ ነኝ፤ አልክድም። ግልፍተኛዋን ቅመም ሻጭ ሙሚናን ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ሱቄ ደጃፍ ድረስ ያመጣችኋል። ውሸት ግን አልሸጥም። አዝሙዴን አጥቤ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ ጠጠሩን ለቅሜ ነው የማቀርበው። ነቢያችን የመሰከሩለት ዘር ነው፤ ከዚያ በላይ ምን ማስታወቂያ ያስፈልገኛል?

ነገሩ የከረረው የልጄ የኢቲሳም ቪዛ የመጣ ጊዜ ነው።

ኢቲሳም ሪያድ አራት ዓመት ሠርታለች። በ2010 አገሩ ተለወጠ ሲባል እንደ ሌላው ሁሉ ደስ ብሏት ተመለሰችና ሁለት የስፌት መኪና ገዝታ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፈተች። ሦስት ዓመት ጥሩ ሰፋች። በ2014 ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ እኛ ጋ ደረሰ። ወደ አምባሰል ሸሽተን ከርመን ስንመለስ ከሱቋ የቀረው በሩን ይዞት የነበረው ማጠፊያ ብቻ ነበር። ሰላሙ ከተፈረመ በኋላ በተረፈላት አንድ መኪና አንድ ዓመት ተንገዳግዳ ልትቆም ሞከረች፤ አልሆነም። የድሮ አሠሪዋ ቪዛ ላከችላት። ሁለት ዓመት ሠርታ ተመልሳ ሱቋን ልታቆም ነው ሐሳቧ።

እንግዲህ ኑርዬ የሐድራ መሪ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ጫት እየቃመ ዱዓ ያደርጋል። ከሰፈራችን ራቅ ወዳለ አገር የሚሄድ ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይመረቃል፤ ኑርዬም ዱዓ ከተደረገበት ጫት አንድ ቀንበጥ በመሐረብ ቋጥሮ ይሰጠዋል። ለዩኒቨርሲቲ የሄደውም፣ ለውትድርና የሄደውም፣ ለንግድ የሄደውም እየያዘ ነው የሄደ። ለእህቱ ልጅ ይህንን ላያደርግ ነው? ቪዛው መምጣቱን በሰማ በማግስቱ መሐረብ ገዝቶ መጣ።

«አጎቴ፣ አፉ በሉኝ፣» አለችው ኢቲሳም፣ «እዚያ አገር ጫት እንደ ሐሽሽ ነው የሚቆጠረው። አንድ ቅጠል ሻንጣዬ ውስጥ ቢያገኙ እስር ቤት ነኝ።»

«የዱዓ ጫት እኮ ነው!»

«ፈታሹ የዱዓ ይሁን የበርጫ በምን ይለየዋል?»

ኑርዬ አሰበ። «በጠረኑ፣» አለ።

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ተነሳሁ። «ልጄን ልታሳስር ነው?»

«አጃኢብ ነው፣» አለ እሱ ከልቡ ግራ ገብቶት። «እዚህ ገበያ መሐል የሚሸጥ፣ ግብር የሚከፈልበት ቅጠል፣ ባሕሩን ሲሻገር በምን ምክንያት ነው ወንጀል የሚሆን?»

ደረቴን ነፋሁ። «የኔ ዘር ግን እዚህም ሕጋዊ ነው፣ እዚያም ሕጋዊ! እነሱም ይወዱታል። አዝሙድ ትይዛለች፣ አለቀ።»

ኢቲሳም ወደ እኔ ዞረች። ያቺ ልጅ የኔው ልጅ ናት፤ ለማንም አታዳላም። «እማ፣ አንቺም ብዙ አትኩሪ። ፈዲላን ረሳሻት?»

ፈዲላ ጎረቤታችን ናት። የደም ግፊት አለባት፤ ኪኒኗን በየቀኑ ትወስዳለች። እኔ ደግሞ በደግነት የአዝሙድ ዘይት በማንኪያ ጠዋትና ማታ አዘዝኩላት። በአምስተኛው ቀን ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ቧንቧው ሥር ተዘረጋች። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ አንዴ ፈዲላን፣ አንዴ እኔን እያየች፣ «ኪኒኑም ግፊት ያወርዳል፣ ዘይቱም ያወርዳል፤ ሁለቱን ደርበሽ ስትሰጫት የት እንድትደርስ ነው?» አለችኝ። ፈዲላ ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን ያን ቀን እንደ ተማሪ ተገሥጬ ነው የተመለስኩት።

ኑርዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ስፌት መኪናውን አምባሰል ያወጣው ማን ነው? ጫቴ አይደል?» አለ።

ይህም እውነት ነው። ስንሸሽ ከሁለቱ መኪና አንዱን በጀርባው አዝሎ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቷል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነበር። እኔ ባዶ እጄን ስንፏቀቅ እሱ ጉንጩን ወጥሮ፣ መንዙማ እያለ ከፊት ከፊት ይሄዳል። የዚያን ቀን በጫት አልቀለድኩም። ግን ከደረስን በኋላ ያለውን እሱ አያወራም። ሦስት ሌሊት ዓይኑን አልከደነም፤ ልቡ ከውጭ በዓይን እስኪታይ ይደልቅ ነበር፤ እጁን ይዤ «ያ ረቢ፣ ይህን ጅል አትውሰድብኝ» እያልኩ ነው ያነጋሁት።

«እንግዲህ ስሙኝ፣» አለች ኢቲሳም። «የአጎቴ ያበረታል፤ ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብም ያስሮጣል። የእማ ለሆዱም ለጉንፋኑም ደግ ነው፤ ግን በኪኒን ላይ ሲደረብ ሰው ይጥላል። ሁለቱም ልክ አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አንዱ ያሳስራል፣ ሌላው አያሳስርም።»

ኑርዬ መሐረቡን ኪሱ ከተተ። ከፍቶታል። ኢቲሳም አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። «ዱዓውን ግን እፈልጋለሁ። ያለ ዱዓ አልሄድም።»

ለምን እንዲህ እንዳለች አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ሳትመረቅ ነው ከደላላ ጋር የጠፋችው። እዚያ የገጠማት የመጀመሪያው ቤት ስልክ ነጥቆ አሥራ አንድ ወር ድምጿን አጠፋብን። ዛሬም ድረስ «ሳልመረቅ ወጥቼ ነው» ትላለች። እኔ እንደሱ አላምንም፤ ግን ያንን አሥራ አንድ ወር ስለማስታውሰው አልከራከራትም።

«አብሽሪ፣» አላት ኑርዬ። «ቅጠል አልሰጥሽም። እናትሽ ዘሩን ይዛ ትምጣ፤ ዘሩ ላይ ዱዓ አደርጋለሁ፣ እሱን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

በልቤ እልል አልኩ። አርባ ዓመት የቃመ ሰው በኔ አዝሙድ ላይ ዱዓ ሊያደርግ ነው! ምርጡን ዘር አበጥሬ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሞላሁት።

ሐሙስ ዕለት ከዙህር ሶላት በኋላ ሐድራው ተቀመጠ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስዳት መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል፤ አውሮፕላኗ በማግስቱ ጠዋት ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። ኢቲሳም አዲሱን ጥቁር አባያዋን ለብሳ ኑርዬ ፊት ተንበርክካለች፤ ቆርቆሮው ክዳኑ ተከፍቶ መሐላቸው ተቀምጧል። ኑርዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቅሟል። ግራ ጉንጩ ወጥቶ ሌላ ሰው የጎረሰ ይመስላል።

ዱዓው ግሩም ነበር፤ ሐቁን አልደብቅም። «መንገዱን ያቅናልሽ» «አሚን!» «ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ» «አሚን!» «ተመልሰሽ ደጅሽን ክፈች» «አሚን!» እኔም ሳላስበው ከሁሉ በላይ እየጮህኩ ነበር።

የኛ አገር ምርቃት በምን እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። መራቂው ከልቡ ከሆነ እንትፍ እንትፍ ይላል። ኑርዬ ደግሞ ያን ቀን ከልቡ ነበር። ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ አለ።

«እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!»

ሁለት ሰዓት የታኘከ ጫት አዝሙዱ ላይ፣ አባያው ላይ፣ የልጄ እጅ ላይ ዘነበ። ጥቁሩ አዝሙድ አረንጓዴ ሆነ።

መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ነኝ። «ኑርዬ! ልጄን አሳሰርካት!»

«ወላሂ ረስቼው ነው!» አለ አፉን በእጁ ይዞ። «አፌ እንዳለ ሄደ!»

ቆርቆሮውን ነጥቄ ወጣሁ። በሰፌድ አበጠርኩት፣ በወንፊት ነፋሁት፤ እርጥብ ቅጠል ከዘሩ ጋር ተጣብቆ አልለቅ አለ። ልጠበው ብል የሚደርቅበት ጊዜ የለም፤ ደግሞም ዱዓ የተደረገበትን እንዴት አድርጌ ነው በውኃ የማጥበው? ወደ ሱቄ ሮጬ ሌላ ቆርቆሮ ሞልቼ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ኢቲሳም አባያዋን ቀይራ፣ እጇን ታጥባ በር ላይ ቆማለች። አዲሱን ቆርቆሮ ሰጠኋት።

ተቀበለችኝ። ከዚያ ከፍታ አየችውና ከደነችው። «ይሄኛው ዱዓ የለበትም፣» አለች በቀስታ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ የዚያን ሰዓት ግን ያቺ ሳትመረቅ የጠፋችው ልጅ መሰለችኝ። ደግሞ ቢመርቃት ደግሞ ይረጫታል፤ ባይመርቃት ልቧ ተሰብሮ ልትሄድ ነው። መኪናው ሊመጣ ነው።

ኑርዬ ከተቀመጠበት ተነሳ። ማንንም ሳያናግር በኔ አጠገብ አልፎ ጓሮ ወጣ። የውኃ ድምፅ ሰማን። አፉን ሲጉመጠመጥ፣ ሲተፋ፣ ደግሞ ሲጉመጠመጥ ቆየ። በመፋቂያ የቀሩትን ጥርሶቹን ፋቀ። ሸሚዙን ቀይሮ ሲመለስ ሁለቱም ጉንጮቹ ገብተዋል። ጉንጩ ባዶ ሆኖ ሐድራ ላይ ሲቆም አይቼው አላውቅም፤ ያረጀ መሰለኝ።

«ቆርቆሮውን አምጭው፣» አላት።

ከአዝሙዱ ቁንጥር አድርጎ አፉ ውስጥ ጣለና አኘከ። ፊቱን አጨማደደ። «ይሄን ነው ሃያ ስምንት ዓመት ለሰው የምታበዪው?» አለኝ፤ ቤቱ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። እጁን ዘረጋ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። እውነትም ምላሱ አልፈታ አለው። ሁልጊዜ ስቀልድበት የነበረው ነገር እውነት ነበረና አሳዘነኝ።

ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ ያለ ዜማ፣ «ያ አላህ፣» አለ። «በጦርነቱ ቤታችን ሲዘረፍ ምንም አላልኩህም። መኪናውን ተሸክሜ ልቤ ሊወጣ ሲል ምንም አላልኩህም። ይህችን ልጅ ግን መልስልኝ። ፈርቻለሁ። ሌላ የምሰጣት ነገር የለኝም።»

አሚን አልኩ። እኔም ፈርቼ ነበር። ከቪዛው ቀን ጀምሮ ስለ ቅጠልና ስለ ዘር የጮህኩት በሙሉ ከፍርሃት ነው። አትሂጂብኝ ማለት ስላቃተኝ ነበር።

ኑርዬ ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ ብሎ እንትፍ እንትፍ አለ። ትንፋሽ ብቻ ነበር የወጣው። ኢቲሳም ክዳኑን ገጠመች፣ አጎቷን ጉልበቱን ሳመችው። መኪናው ጡሩንባ ሲነፋ ሻንጣዋን እሱው ተሸክሞ አደረሰላት፤ የዚያን ቀን ያለ ጫት ምርቃና ነው የተሸከመው።

ሦስት ቀን ስልኳ አልሠራም። በሦስተኛው ቀን ሱቄን ዘግቼ ስቀመጥ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩትን የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አየሁ። መጣል አልቻልኩም ነበር፤ ዱዓው አለበት። አወረድኩትና ከፈትኩት። አረንጓዴው ደርቋል። ግራና ቀኝ አየሁ፣ ማንም የለም።

በአራተኛው ቀን ደወለች። ኑርዬም ሱቄ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርገን ሰማን።

«እማ፣ ደርሻለሁ! የቆየሁት ሲም እስካወጣ ነው። ፈታሹ ቆርቆሮውን ከፍቶ አሸተተው። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቁንጥር አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተና፣ እናቴም ይሄን ነው የምትሰጠኝ ብሎ አሳለፈኝ!»

ኑርዬ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ የበላው ዱዓዬን ነው፣ የዚያ ሰውዬ ነገር ይቃናለታል እያለ። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ። ስልኩ ተዘግቶ ሲረጋጋ ዓይኑ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ቆርቆሮውን አወረደና ውስጡን አየ።

«ሙሚና፣» አለኝ፣ «ይሄ ቆርቆሮ ሙሉ አልነበረም እንዴ?»

«አይጥ ይሆናል፣» አልኩት።

«አይጥ ጫት ይቅማል?»

ሳላስበው በሻሼ ጫፍ ጥርሴን ጠረግኩ።