የባልቴቷ ስም

እኔ ብሩርያ በሥራዬ ተሳስቼ አላውቅም፤ ብሳሳትም አላምንም። በኢየሩሳሌሙ የአይሁድ ጥናት ተቋማችን የተበጣጠሱ ጥንታዊ ጽሑፎችን ስገጣጥም ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከሁሉም አንጀቴን የበላችው ግን አንዲት ባልቴት ናት። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ለወንድሟ የጻፈችው ደብዳቤ ላይኛው ግማሹ ብቻ ነበር እጃችን የገባው። «ብሞት ስሜን የሚያነሳ ልጅ የለኝም» ትላለች። ስሟ ደግሞ ከታች ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ «ባልቴቷ» እያልኩ ስጠራት አንገበገበኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ታችኛውን ግማሽ በፖስታ ላከልኝ። ጽሕፈቱን ገና ሳየው እሷው መሆኗን አወቅኩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ላይኛውን ላመጣ ወደ ምድር ቤት ሮጥኩ፤ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆዬ ብቻ ቀርቷል።

«ናፍታሊ!» ብዬ ጮህኩ። ናፍታሊ ዘበኛችን ነው፤ ጸሎት የማያስታጉል ሰው።

«ምን ሆንሽ?»

«እዚህ የነበረው ወረቀትስ?»

«እሱንማ ያረጁ ቅዱሳት መጻሕፍት ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት ከሻይ ብርጭቆ ሥር! አታፍሪም? ደግነቱ መኪናው አሁን ወሰደው፤ ዛሬ በክብር ይቀበራል።»

«አንተንም አብሬ ነው የምቀብርህ! ተነስ!»

በእኛ በአይሁድ ሕግ የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት ሲያረጅ አይጣልም፤ እንደ ሰው ይቀበራል። መቃብር ቦታው ስንደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ አሮጌ መጻሕፍት የታጨቁበት ጆንያ ተራራ አክሏል። ቀባሪው ሳቀብን።

«ሦስት መቶ ጆንያ ነው፣ ዶክተር። እስከ ፋሲካም አታገኚው።»

«አገኘዋለሁ» አልኩት። ናፍታሊን አውቀዋለሁ፤ ወደ እሱ ዞርኩ። «በምን ጠቀለልከው?»

«እንዴ፣ ራቁቱን እጥለዋለሁ? በሰንበት መሐረቤ ነዋ! ሚስቴ ሰማያዊ ጥልፍ የጠለፈችበት።»

«በሉ፣ ሰማያዊ ጥልፍ ፈልጉ!»

አሥራ አንደኛው ጆንያ ውስጥ ተገኘ። ቀባሪው ሳቁን ዋጠ።

ተቋሙ ተመልሰን ሁለቱን ግማሾች አጋጠምኳቸው፤ ቅንጣት አልተዛነፉም። ከታች «እህትህ ሙባረካ» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ናፍታሊ ከላይ የጻፈችውንም አንብቢልኝ አለኝ፤ አነበብኩለት። መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ከምኩራብ መጥቶ የቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

«ዛሬ የሙታን ጸሎት አደረስኩ» አለኝ፤ ልጅ ለሞቱ ወላጆቹ የሚያደርሰውን።

«ማን ሞተብህ ደግሞ?»

«ሙባረካ» አለ፣ ቁልፎቹንም አንስቶ ወደ ሥራው ሄደ።