ሦስተኛው ሙከራ
ፀጉር አስተካካዩ በአርባ ስምንት ዓመቱ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ የከባድ መኪና ትምህርት ቤት ገባ። ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ሁለቴ በርሜል ገጭቷል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከገጨ ይሰናበታል።

«ጋሼ፣ ዛሬም ካልሆነልዎ ወደ መቀስዎ ይመለሱ» አለው የልጁ እኩያ የሆነ አሰልጣኝ።

እንደ ልማዱ አንገቱን በመስኮት ሊያወጣ ሲል አሰልጣኙ ጮኸበት። «ኧረ አንገትዎን ያስገቡ! መስታወቱ ለጌጥ ነው እንዴ የተሰቀለው?»

መስታወት! ሃያ ዓመት ሙሉ የደንበኛን ጺም ግራና ቀኝ እኩል ያደረገው በመስታወት እያየ አይደል? በግራ ትንሽ፣ በቀኝ ትንሽ እያለ ተሳቢውን በበርሜሎቹ መሃል ሰተት አድርጎ አስገባው።

አሰልጣኙ በርሜሎቹን ዞሮ አያቸው። «ንክች አላደረጓቸውም! ነገ በጠዋት ይምጡ።»

ፀጉር አስተካካዩ ከመኪናው ወርዶ ለሚስቱ ደወለ።

«ፀጉር ቤቱን አከራዪው» አላት።